ያለ ቀለም

የና ላይ ኅዳር ነው፤ ዛሌ ወንዝ ጉም ለብሶ
የድልድዩን መብራት አንድ በአንድ ጨርሶ
የመጨረሻውን ትራም ወደ ሎቤዳ ሸኝቷል።
እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ካፖርት ደርቤ
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ከብቤ
የሰው ዓይን ፍርፋሪ እጠብቃለሁ።

ባለቤቱን ዐውቃለሁ፤ ኦቶካር ቬንድለር ይባላል፣
አርባ ዓመት መስተዋት ሲሞርድ የኖረ፣
ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር
የጓሮ ጎጆውን ግድግዳ ሲለስን
ኖራው ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን የለበለበው።
ከግራ ዓይኑ ጥግ፣ ከጥቁሩና ከነጩ ድንበር፣
የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቆርሰው አመጡልኝ፤
«ይቺን አብዢልን፤ ቀኙን እናልብሰው።»

ድሮ ቢሆን ኖሮ ቀለም ነበር መላው፦
ግንደ ሕዋሷን ነክሮ አረንጓዴ ማብራት፣ ቀይ ማብራት፣
እንሶስላ እንደ ሞቀች ሙሽራ ጣት።
የተነከረ ይታያል። የተነከረ ግን
ወደ ሰውየው ዓይን አይመለስም፤
ታይቶ ይጣላል።
የአለቃዬ የአልሙት ሕግ ሁለት ቃል ናት፦
«አትንኪ። እዪ።»

እንዴት ይታያል ታዲያ? ሕዋስ እኮ ውሃ ነው፣
ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ፣ ብርሃን የሚያልፈው።
ግን ብርሃንም መንገደኛ ነው፤
ሜዳውን ይሮጣል፣ ዳገት ላይ ያዘግማል።
በባዶው ያለፈው ቀድሞ ሲደርስ
በእሷ በኩል ያለፈው ጥቂት ይቆያል።
እኛም ደጅ ቆመን አንጠይቀው ምን እንዳየ፣
ብቻ እንለካለን ስንት እንደ ዘገየ።
መዘግየቱ ነው ወሬው፤
አምሽቶ የመጣ እንግዳ
ምን እንደ በላ ሳይናገር
የሄደበት ቤት ሙሉ እንደ ነበር
በማምሸቱ እንደሚታወቅበት።

የቀለም ልጅ ነበርኩ፣ ቀለም ቆጥሬ ያደግሁ፤
ያለ ቀለም ማንበብ እዚህ ነው የተማርሁ።
(በትራም ወንበር ላይ በቀለሜ ብቻ ገልጠው ያነበቡኝ
እነሱም ይማሩት፤ መጥተው እዚህ ያግኙኝ።)

በዐሥራ አንደኛው ሌሊት፣ በታችኛው ረድፍ፣
አንዷ ቆመች።
እግሯን እየዘረጋች ጠርዝ ጠርዙን ስትዳብስ የቆየችው
ሁሉን ትታ ተኮማተረች፣
ክብ ሆነች፣ እንደ ዶቃ።
ሲሞቱም ክብ ይሆናሉ። ሊወልዱም።
የትኛው እንደሆነ አንድ ጠብታ ቀለም ይነግረኝ ነበር፤
የሞተውን ሰማያዊ ያለብሳል፣
የሕያዉ በር አይከፈትለትም።
ግን ያቺ ጠብታ ለአንዷ ተብላ ከሁሉም ትደርሳለች።
ጠርሙሱ ከክርኔ አጠገብ ነበር።
እውነቱን ለመናገር፣ ክዳኑን ነክቻለሁ።

ማወቅ የሚሉት ነገር እንዴት ይቸኩላል!
የተኛውን ልጅ «ተኛህ ወይ?» ብሎ ቀስቅሶ ይጠይቃል።

እጄን መለስኩና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ
መሐሏ ሰረጎደ፣ በክር እንደ ታሰረ ከረጢት፤
ክሩ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤
ብርሃኑም በዚያች ሌሊት
ከሁለት ቤት አምሽቶ መጣ።
የማወራው ሰው አልነበረም። ለማቀዝቀዣው አወራሁለት።

ሐሙስ ኦቶካር ለምርመራ ሲመጣ፣ ታሪኩ እንዲያምርልኝ፣
«ይህን ሌንስ የሞረድከው አንተ ትሆን?» አልኩት።
ሳቀ። «እኔ የወፍ ማያ መነጽር ነበር ሥራዬ፣
የሩቁን ነው የማውቅ፤ ይህን ያህል ቅርብ አላየሁም በዕድሜዬ።»
ስክሪኑን አሳየሁት። በግራ ዓይኑ ተጠግቶ አየ፣
እስትንፋሱ መስተዋቱን እስኪያጨግገው።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያውቁኛል?» አለኝ።

ምን ልበለው።

ዓርብ ጠዋት ሳህኒቱ በሳጥን ሄደች፣
ሳትነከር፣ እንደ መጣች።
ስክሪኑ ባዶ ነው። መብራቱን ማጥፋት ረስቻለሁ፤
ብርሃኑ የሚያቆየው አጥቶ
በሰዓቱ ይደርሳል።